በኮሶዬ ናዳ የማን ተራ ነበር

ከኮሶዬ አልፎ ወደ አምባ ጊዮርጊስ በሚወስደው መንገድ ላይ አንድ ክረምት ተራራው ተናደ። ሲናድ ያየ ሰው የለም። ጠዋት ከጎንደር ተነሥተን የሄድን ሾፌሮች ስንደርስ የመንገዱ ግማሽ፣ ያውም በገደሉ በኩል ያለው ግማሽ፣ ቦታው ላይ አልነበረም። የቀረው ግማሽ አንዲት ማኪና ብቻ የሚያሳልፍ ነው። ርዝመቱ አራት መቶ እርምጃ ያህል ይሆናል፤ መካከሉ ላይ ወደ ተራራው የሚታጠፍ ኩርባ ስላለ በአንዱ ጫፍ የቆመ ሰው በሌላው ጫፍ ምን እንዳለ አያይም። መንገዱን የሠሩት ጣሊያኖች ነበሩ። እነሱ ከተባረሩ ጥቂት ዓመታት አልፈዋል፤ ከዚያ ወዲህ አካፋ ይዞ የመጣበት ሰው አላየንም።

እኔ ያን ጊዜ ሃያ ስድስት ዓመቴ ነው። ከጎንደር ደባርቅ እየተመላለስሁ ሰውም እህልም የሚጭን አሮጌ የጭነት ማኪና እነዳለሁ። አባቴ ከጎንደር አድባራት በአንዱ የዜማ መምህር ነበር፤ እኔንም ያሰበኝ ለዚያው ነበር። ጾመ ድጓውን ሳልጨርስ ጥዬ ማኪና ላይ ስወጣ አንድ ቀን እንኳ አልተቆጣኝም። ሌሎቹን ተማሪዎች ማስተማሩን ቀጠለ። ማታ ቤት ስገባ ልብሴ ናፍጣ ናፍጣ እየሸተተ ከአጠገቡ እቀመጣለሁ፤ እሱም መንገዱ እንዴት እንደዋለ ይጠይቀኛል። ሌላ ነገር አንስቶ አያውቅም።

መንዳት ያስተማረኝ አንድ የዳባት ሰው ነው። ሾፌሩ ሁሉ «አያ» ይለው ነበር። ዕድሜው ከሃምሳ ያለፈ፣ ቀጭን፣ ሲናገር ድምፁ የማይሰማ ሰው ነው። በጣሊያን ጊዜ ለመንገዱ ድንጋይ ያመላልስ ከነበረ ጣሊያን ሾፌር ጎን ተቀምጦ ነው መሪ መያዝ የለመደው። ሁለት ዓመት ከጎኑ ስቀመጥ ስለ ሞተር ያስተማረኝ ጥቂት ነው። የቀረው ሁሉ ስለ ሌላው ሾፌር ነበር። ጭነት ይዞ ሽቅብ የሚወጣ ይቀድማል፤ ቁልቁል የሚወርደው ሰፋ ያለ ቦታ ፈልጎ ይቆምለታል። ኩርባ ሳይደርሱ ክላክስ ይነፋል፤ ከማዶ መልስ ከተሰማ ቀስ ይባላል። ያሳለፈህን ሰው እጅ ሳትነሣ አትለፍ ይለኝ ነበር። እሱ ራሱ እጅ ሲነሣ ባርኔጣውን ሙሉ በሙሉ ያወልቅ ነበር፤ ዝናብም ቢሆን።

ናዳው ከወረደ በኋላ ባሉት የመጀመሪያ ሳምንታት እዚያ የነበረውን ነገር ማውራት ያሳፍራል። ከዚህም ከዚያም የመጣው እንደደረሰ ይገባል። ኩርባው ላይ አፍንጫ ላፍንጫ ይገጥማሉ። ሞተር ይጠፋል፣ ሾፌሮች ይወርዳሉ፣ ክርክር ይጀመራል። አንዱ ጭነቴ ከባድ ነው ይላል፣ ሌላው ቀድሜ የገባሁ እኔ ነኝ ይላል። ተሳፋሪውም እየወረደ ለየሾፌሩ ያግዛል። ከኋላ የደረሱት ደግሞ ቦታ ትተው እንደመቆም ከፊተኛው ማኪና የኋላ ሳንቃ፣ ከስፖንዳው ሥር ይወተፋሉ። ስለዚህ ልመለስ የሚል ደግ ሰው ቢገኝ እንኳ መመለሻ የለውም። አንድ ቀን ከረፋድ ጀምሮ እስከ አሥር ሰዓት ድረስ እንደዚህ ተቆላልፈን ዋልን። ለዳባት ገበያ የተሳፈሩ ሴቶች ዶሯቸውን በእጃቸው አንጠልጥለው በእግራቸው ሄዱ፤ ገበያው ግን ተበትኖ ነበር።

ወደኋላ መመለስ በኛ ዘንድ ውርደት ነበር። ወደኋላ የተመለሰ ሾፌር ወሬው እሱ ሳይደርስ ጎንደር ይገባል። ምግብ ቤት ሲገባ አንዱ ወንበሩን ወደኋላ እየገፋ ያሳየዋል፤ ሌላው ይስቃል። እኔም ስቄያለሁ።

አያ አንድ ቀን ከቤቱ የወይራ ዱላ ይዞ መጣ። ጫፉ ላይ ቀይ ጨርቅ አስሮበታል። ኮሶዬ መንገድ ዳር ካለችው ምግብ ቤት የነበርነውን ስምንት ዘጠኝ ሾፌሮች ጠርቶ ያሰበውን ነገረን። ዱላው ያለበት ወገን ይገባል። ሁሉም ከወጡ በኋላ ዱላው በወጡበት ጫፍ ድንጋይ ክምር ላይ ይተከላል፤ ከዚያ በኋላ ተራው የዚያ ወገን ነው። ዱላ የሌለበት ወገን ይጠብቃል። ሌላ ነገር የለውም።

አንዱ፣ ማዶ ሰው ባይኖርና ዱላው እዚያ ተተክሎ ቢቀርስ፣ እዚህ እንደቆምን ሊመሽብን ነው ወይ ብሎ ጠየቀ።

«በእግርህ ሄደህ ታመጣዋለህ» አለው አያ።

ሳቅን። እሱ አልሳቀም። ሳቃችን እስኪያልቅ ጠበቀና፣ አራት መቶ እርምጃ ነው፣ ለክቼዋለሁ አለ።

የሚገርመው፣ ነገሩ ሠራ። ማን እንደጀመረው አላስታውስም፤ በሁለት ሳምንት ውስጥ ከዓድዋና ከአስመራ የሚመጡት እንግዳ ሾፌሮች ሳይቀሩ ዱላውን አወቁት። በናዳው አጠገብ ገብስ የሚያርሱት ገበሬዎች ሥራቸውን አቁመው ያዩን ነበር። ማኪና ያለው ሰው ማኪናውን አቁሞ በእግሩ ዱላ ፍለጋ ሲሄድ ማየት ለነሱ ትልቅ ጨዋታ ነው። አንዱ ሽማግሌ ሳልፍ ሁልጊዜ «ዛሬስ አገኘኸው?» ይለኝ ነበር።

እውነቱን ለመናገር ያን የእግር መንገድ ወድጄው ነበር። ስነዳ በጎኔ ያለው ገደል ብቻ ይታየኛል፤ በእግሬ ስሄድ ግን ቆላው ሁሉ እስከ ሩቅ ድረስ ይታያል። ማንም ስለማይሰማኝ ከአባቴ የተማርሁትን ዜማ እያንጎራጎርሁ እሄዳለሁ። ዱላውን ነቅዬ ይዤ ስመለስ፣ መንገዱ እስክወጣ ድረስ የኔ እንደሆነ አውቃለሁ። ከማዶ ማንም አይመጣብኝም። በዚያ አገር በዚያ ዘመን አንድ ሾፌር ይህን ያህል እርግጠኛ የሚሆንበት ሌላ ቦታ አልነበረም።

መንገዱ ይሠራልን ብለን ተሰብስበን አቤቱታ አስጽፈናል። ከወራት በኋላ አንድ መሐንዲስ መጣ። መነጽር ያደረገ ትሑት ሰው ነበር፤ ግማሽ ቀን ሙሉ በገመድ ሲለካ ዋለ፣ በየቦታው ችካል ተከለ፣ ወረቀት ላይ ጻፈና ሄደ። ችካሎቹን ገበሬዎቹ ነቅለው ለጎመን አጥር አደረጓቸው። መሐንዲሱ ተመልሶ አልመጣም። ሁለተኛም ሦስተኛም አቤቱታ ጻፍን፤ ለሦስተኛው የተሰጠን መልስ የመጀመሪያው ደርሷል የሚል ነበር።

ሥርዓቱ አንድ ዓመት ያህል ቆየ። ያፈረሰው መጀመሪያ የአንድ ትልቅ ሰው ትንሽ ማኪና ነው። ዱላው ከኛ ጋር ነበር፤ አያ ከፊት፣ እኔ ከኋላው ሆነን ገብተን ኩርባው ላይ ስንደርስ ያች ጥቁር ማኪና ከማዶ መጣች። ሾፌሩ የወታደር ካፖርት ለብሷል። አያ ወርዶ፣ ጌታዬ ተራው የኛ ነው ብሎ ዱላውን አሳየው። ሾፌሩ ዱላውን አየና ከኋላ ለተቀመጡት ሰውዬ አንድ ነገር ነገራቸው። እሳቸው መስኮቱን እንኳ አልከፈቱም። ሾፌሩ «የምን ዱላ ነው፣ ወደኋላ በል» አለው። ሁለት የጭነት ማኪና፣ እኔ መጀመሪያ እሱ በኋላ፣ በዚያ ጭቃ ሁለት መቶ እርምጃ ወደኋላ ተመለስን። ሲያልፉ አያ ባርኔጣውን አውልቆ እጅ ነሣ። እኔ አልነሣሁም።

ከዚያ ቀን በኋላ ነገሩ ተበላሸ። መጀመሪያ የመንግሥት ማኪና ነኝ ያለ ሁሉ መጠበቅ ተወ። ቀጥሎ የመንግሥት ዕቃ የጫነ። ቀጥሎ የትልቅ ሰው እህል የጫነ። አንዳንዱ ማዶ ሄዶ ዱላ ማምጣት ሰልችቶት ክላክሱን እየነፋ ይገባል። እኛም እነሱ ካልጠበቁ እኛን ምን አስጠበቀን ማለት ጀመርን። አያ ግን ይጠብቅ ነበር። አንድ ቀን በሱ ፊት አምስት ማኪና ያለ ተራው ሲያልፍ ቆጥሬያለሁ፤ እሱ ሞተሩን አጥፍቶ ድንጋይ ክምሩ ላይ ተቀምጧል። እንዴት ያስችልሃል ብዬ ጠየቅሁት። ካልጠበቅሁ ዱላውን ያመጣሁት ለምንድን ነው አለኝ። 

አሁን ወደዚያ ቀን ልምጣ። ሐምሌ ነበር። ከጎንደር አሥራ አምስት ሰው ከሸራ በታች አሳፍሬ፣ ጋቢና ውስጥ ከጎኔ የጨው ጆንያ ደርድሬ ወጣሁ። ኮሶዬን ሳልፍ ዝናቡ ጀመረ። ናዳው ጋ ስደርስ ክምሩ ላይ ዱላ የለም፤ ማዶ ነው ማለት ነው። ክላክስ ነፋሁ፣ መልስ የለም። እንግዲህ ወርጄ በእግሬ መሄድ ነበረብኝ።

ያልወረድሁበትን ምክንያት ለብዙ ሰው ብዙ ዓይነት አድርጌ ተናግሬያለሁ። ተሳፋሪው ቸኩሎ ነበር ብያለሁ። የታመመች ሴት ነበረች ብያለሁ። ሌላው ሲገባ እኔ ብቻ ለምን ልጠብቅ ብዬ ነው ብያለሁ፤ ይህ እንኳ ትንሽ እውነት አለው። ዋናው ምክንያት ግን በዚያ ሳምንት ያሰፋሁት አዲስ ቡናማ ጫማ ነው። ጭቃው እስከ ቁርጭምጭሚት ይደርስ ነበር፤ ጫማዬን አየሁና መውረዱ አስጠላኝ። ሌላ ምንም አልነበረም።

ማርሽ አስገብቼ ልንቀሳቀስ ስል ከኋላዬ ሦስት ማኪናዎች ተከታትለው ደረሱ። የመጀመሪያው ሾፌር በመስኮት አንገቱን አውጥቶ ጮኸ።

«ዱላው አለ?»

«እኔ ጋ ነው፤ ተከተሉኝ» አልሁት።

ይችን ቃል ሳላስብ ነው ያወጣኋት። የለም ብል ተመለስ ሊለኝ ነው፤ ደግሞ ማን ሊያመጣ ይሂድ በሚል ክርክር ልንገባ ነው። ተከተሉኝ። እንደ ልማዳችን ከስፖንዳዬ ሥር ተወትፈው ተከተሉኝ።

ኩርባው ላይ አያን አገኘሁት። ብቻውን ነው፤ ከዳባት ገብስ ጭኖ ወደ ጎንደር ይወርዳል። ሁለታችንም ቀስ ብለን ስለነበር ሳንነካካ ቆምን። በመካከላችን ሁለት ክንድ ያህል ቀርቷል። መስኮቱን ዝቅ አድርጎ እጁን አወጣ፤ በእጁ ዱላው አለ። ቀዩ ጨርቅ በዝናቡ ረጥቦ እንጨቱ ላይ ተለጥፏል።

«ዱላው እኮ እኔ ጋ ነው» አለኝ። አልተቆጣም። አንድ ነገር የጠፋኝ መስሎት ሊያስታውሰኝ የፈለገ ይመስል ነበር።

«አያ፣ ከኋላዬ ሦስት ማኪና አለ» አልሁት።

አንገቱን አዘንብሎ ከኋላዬ ያለውን ለማየት ሞከረ። ኩርባው ይከልለዋል፤ ግን ክላክሳቸው ይሰማል። ከኋላ ያሉት ለምን እንደቆምሁ ስላላወቁ ሦስቱም ይነፉ ነበር። ጥቂት አሰበ። እኔ ወርጄ እነሱን ልመልሳቸው እችል ነበር። ሰዓት ይፈጃል፣ ስድብ ይኖረዋል፣ እኔ ጋ ነው ያልሁት ዱላ እንደሌለኝም ይታወቃል፤ ግን እችል ነበር። መሪዬን ይዤ ከተቀመጥሁበት አልወረድሁም።

«እንግዲያስ እኔ ልመለስ» አለ። ዱላውን ከጎኑ አስቀመጠና መስኮቱን ዘጋ።

ሙሉ ጭነት ይዞ ወደኋላ መሄድ በደረቅ ቀን እንኳ ከባድ ነው። እሱ የመንገዱን እያንዳንዷን ድንጋይ ያውቃል፤ ሠላሳ አርባ እርምጃ በደንብ ሄደ። እኔም ቦታ ልተውለት ሲገባኝ፣ ከኋላዬ ያሉት ሲገፉ እኔም እየተጠጋሁ ተከተልሁት። ከዚያ የኋላ ቀኝ ጎማው ያረፈበት አፈር ከሥሩ ሄደ። ማኪናው በድንገት አልወደቀም። መጀመሪያ ዘመም አለ፣ ቆየ፣ ፍሬኑ ሲጮኽ ተሰማ፣ ከዚያ ገብሱ ወደ አንድ ጎን ሄደና ይዞት ወረደ።

ገደሉ እዚያ ጋ ጥልቅ አልነበረም። ማኪናው ሃያ ክንድ ያህል ወርዶ አለት ላይ ቆመ። ተሳፋሪዎቹ ከሸራው ሥር ወጡ፣ ገበሬዎቹ ከእርሻቸው ሮጠው መጡ። አያን ከጋቢናው ሲያወጡት ሕይወት ነበረው። ሁለቱም እግሮቹ ከጉልበት በታች ተሰብረዋል። በሸራ አድርገን የኔው ማኪና ላይ ጭነን ወደ ዳባት ወሰድነው። መንገድ ላይ አንድ ጊዜ ዓይኑን ገለጠና እህሉ እንዴት ሆነ ብሎ ጠየቀ። ዱላውን ማንም አላነሣውም። ከዚያ በኋላም አልታየ፤ ጎርፍ ወስዶታል ወይም አንዱ ለማገዶ ወስዶታል።

በመስከረም ጉዳዩ ፍርድ ቤት ቀረበ። አያ መነሣት ስለማይችል ቃሉን ፖሊስ ቤቱ ሄዶ ተቀብሏል፤ ዱላው በእጄ ነበር ብሏል። ዳኛው በመጀመሪያ ስለ ዱላው ሲሰሙ በጣም ገረማቸው። ማን ነው የደነገገው ብለው ጠየቁ። ማንም አልደነገገውም፣ ሾፌሮች ተስማምተን ነው አልን። በሕግ የማይታወቅ ነገር ነው አሉና፣ ቢሆንም ልማዳችሁ ከሆነ ያን ቀን ማን ጋ እንደነበር ልወቅ አሉ።

እጄን ወንጌል ላይ ጭኜ፣ እኔ ጋ ነበር ብዬ ተናገርሁ።

ሦስቱ ሾፌሮች በየተራ ቀረቡ። እነሱ እንኳ አልዋሹም፤ የሰሙትን ነው የተናገሩት። ዱላው እኔ ጋ ነው ብሎናል፣ ተከተሉኝ ብሎናል አሉ። አንዱ ብቻ በዓይኔ አይቼዋለሁ አለ። ለምን እንዳለ እስከ ዛሬ አላውቅም። ያላየውን ያየ መስሎት ይሆናል፤ እኔን የረዳኝ መስሎትም ይሆናል። ዳኛው ጥፋት አላገኘሁብህም ብለው አሰናበቱኝ። አደጋው የደረሰው ያለ ተራው በገባው ሾፌር ጥፋት ነው፣ እሱም በደረሰበት ጉዳት በቂ ተቀጥቷል አሉ።

ያን ቀን ማታ አባቴ አንድ ጊዜ ብቻ ጠየቀኝ። «ወንጌል ላይ እጅህን ጭነሃል አሉኝ። እውነት ተናገርህ?» አለኝ። አዎ አልሁት። ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ ወዲያ መንገዱ እንዴት እንደዋለ መጠየቁን ተወ።

አያን ለመጠየቅ ዳባት የሄድሁት በጥቅምት ነው። ወጌሻ እግሮቹን በቀርከሃ አስሯቸዋል፤ አንደኛው ጠምሞ እየገጠመ እንደሆነ ለማንም ይታያል። ባለቤቱ ወንበር ሰጠችኝና ወጣች። ልነግረው ወስኜ ነበር የሄድሁት። መንገዱን ሙሉ ቃሉን ሳዘጋጅ ነበር። ግን ቀድሞ መናገር የጀመረው እሱ ነው።

ሦስት ሰው መሰከረ አሉኝ አለ። እሱ ዱላውን ከክምሩ ላይ የነቀለው ይመስለው እንደነበር፣ ግን ተኝቶ ሲያስበው ሲያስበው እርግጠኛ መሆን እንዳልቻለ ነገረኝ። ጋቢና ውስጥ ሸራ መወጠሪያ እንጨት ነበረው፤ ምናልባት እሱን ይዞ ይሆናል። ዝናብ ነበር፣ ዕድሜም አለ። ሦስት ሰው በወንጌል ምሎ የመሰከረውን እኔ አንድ ሰው አይደለም ብል ማን ነኝ አለ።

«ይቅር በለኝ» አለኝ ከዚያ። «እኔው ባወጣሁት ሥርዓት እኔው ገባሁብህ። አንተንም ያን ሁሉ ሰውም ልገድል ነበር።»

ቀዩ ጨርቅ በዓይኔ ላይ አለ። አፌን ከፈትሁ፤ የወጣው ግን «ምንም አይደል፣ አያ» የሚል ነው። እጄን ይዞ ሳመው። እኔም እጄን አልነጠቅሁትም።

ከዚያ በኋላ በየሁለት ሳምንቱ እሄድ ነበር። ስኳር እወስዳለሁ፣ ላምባ ለፋኖስ እወስዳለሁ። በሄድሁ ቁጥር ዛሬ እነግረዋለሁ እላለሁ። እሱ ደግሞ ለመጣው እንግዳ ሁሉ፣ ለቄሱም ለጎረቤቱም፣ ተራ አፍርሼ ነው እንዲህ የሆንሁ እያለ ይናገር ነበር። ሾፌሮቹ ዘንድ ነገሩ መሳቂያ ሆነ፤ ዱላ ያመጣው ሰው ራሱ ያለ ዱላ ገባ ይሉ ነበር። ከዚያ በኋላ ሌላ ዱላ ይዞ የመጣ ሰው የለም። ናዳው ላይ እንደ መጀመሪያው እንደደረስን እንገባለን፣ ኩርባው ላይ ገጥመን እንሰዳደባለን። አለመጠበቅም ነውር መሆኑ ቀርቶ ነበር። እሱ እንኳ አልጠበቀም ይባላል።

ለንስሐ አባቴ ነገርኋቸው። ስግደት አዘዙኝ፣ ጾም አዘዙኝ፤ ከሁሉ በፊት ግን ሄደህ ንገረው አሉኝ። ስግደቱንም ጾሙንም ፈጸምሁ። ሄጄ አልነገርሁትም። የሚቀጥለው ጊዜ ሲሻለው፣ የሚቀጥለው ጊዜ ብቻውን ሲሆን እያልሁ ሁለት ዓመት ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው፣ በጸደይ፣ ሳንባው ታሞ ሞተ። ቀብሩ ላይ ሾፌር ከኔ ሌላ ሁለት ሰው ነው የመጣው። ሌሎቹ ናዳው ላይ ተቆላልፈው ቀሩ።

በአርባው ማግስት ባለቤቱ ዘንድ ሄድሁ። ጓሮ ውስጥ ጌሾ ትለቅም ነበር። ቆሜ ሁሉንም ነገርኋት፤ ጫማውን ሳይቀር። ዱላው በእጁ እንደነበር፣ አሳይቶኝ እንደነበር፣ ወንጌል ይዤ እንደዋሸሁ። ሳትቆጣ ሰማችኝ። መልቀሟን ግን አላቆመችም።

«ይህን ለኔ ብትነግረኝ ምን ያደርግልኛል?» አለች ስጨርስ። «እኔማ ዱላውን ይዞ እንደገባ አውቅ ነበር። እንደዚያ ያለ ሰው እንዳልሆነ አውቅ ነበር። ያላወቀው እሱ ነው።»

ምን ላድርግ ብዬ ጠየቅኋት። ምንም አለችኝ። ጌሾውን በሰፌድ ይዛ ገባች፤ በሩን አልዘጋችም፣ ግን አልጠራችኝም። ትንሽ ቆሜ ሄድሁ።

ወደ ፍርድ ቤቱም ተመልሻለሁ። ዳኛው ተዛውረዋል። አዲሱ ጸሐፊ መዝገቡን ፈልጎ አገኘውና የተዘጋ ነው አለኝ። ውሸት ተናግሬ ነበር አልሁት። ከሳሽ አለ ወይ አለኝ። የለም፣ ሞቷል አልሁት። እንግዲያ ምን ልክፈት ብሎ መዝገቡን ቦታው መለሰው።

መንገዱ ከብዙ ዓመት በኋላ ተሠራ። በናዳው ላይ አሁን ሁለት ማኪና ጎን ለጎን ያልፋል፤ እዚያ ናዳ እንደነበረ የሚያውቅ ወጣት ሾፌር የለም። እኔም የደባርቁን መስመር ትቼ ከጎንደር ማክሰኝት መንዳት ጀመርሁ። በዚያ መስመር አዘዞ ላይ ከጭልጋና ከቆላ ድባ የሚመጣው መንገድ ከኛ ጋር ይቀላቀላል። ቅዳሜ ቅዳሜ ማኪናው፣ ጋሪው፣ አህያው፣ ወታደሩ እዚያ ይገናኛል። ሁሉም እኩል ይገባል። ማንም ማንንም አይቶ አያውቅም፤ ክላክስ የሚነፋው አለሁ ለማለት ሳይሆን ጥፋ ለማለት ነው።

እኔ እዚያ ስደርስ እቆማለሁ። ከጎን የሚመጣውን አሳልፋለሁ። አንዱን ሳሳልፍ ከሱ ጀርባ ያለውም ያልፋል፣ ከዚያም ሌላው፣ ከዚያም ሌላው። እጅ የሚነሣ የለም። አብዛኞቹ ማኪናዬ የተበላሸች ነው የሚመስላቸው። ከኋላዬ ያሉት ይነፉብኛል፣ አንዳንዱ እየተሳደበ በጎኔ ቆርጦ ያልፋል። መጠበቄ ለማን እንደሚጠቅም አላውቅም። መንገዱን እንዲያውም የባሰ እዘጋዋለሁ ብለው ከሰውኛል፤ እውነታቸውን ነው።

በቀደም ከጎኔ የተቀመጠ አንድ የማክሰኝት ሽማግሌ ብዙ ታግሦ ታግሦ፣ «ምነው አትሄድም? ሁሉም እየሄደ» አለኝ።

እሄዳለሁ አልሁት። ከግራ አንድ አውቶቡስ ገባ፣ ከሱ ኋላ የእንጨት ጭነት፣ ከሱ ኋላ ሁለት ጋሪ። ሽማግሌው ትንሽ ጠበቀና በሩን ከፍቶ ወረደ። ከፊታችን ተጠግታ ወደቆመች ሌላ ማኪና ሲሄድ አየሁት፤ ተሳፈረ፤ እሷም ገብታ ሄደች።